የአማቷ ስም

ሰበታ ያስተማርኩባቸውን ዓመታት ሳስብ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ የእግሬ ሕመም ነው። ጠዋት አራተኛ ክፍልን አስተምራለሁ፣ ከምሳ በኋላ ሦስተኛን፤ አሥር ሰዓት ላይ ልጆቹ እየተጋፉ ሲወጡ እናቶቻቸው በዚያው በር ይገባሉ። ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ነበሩ። ማንበብና መጻፍ የማይችል ጎልማሳ ሁሉ ፊደል ይቁጠር የሚል ትእዛዝ ከላይ ወርዶ ነበር። ትእዛዙ ወርዶ ወርዶ መጨረሻ ላይ ያረፈው እኔ ላይ ነው። ሴት ስለሆንኩ ሴቶቹ ለእኔ ተሰጡ። ማንም ፈቃዴን አልጠየቀኝም፤ ብጠየቅም እምቢ የምልበት ጉልበት አልነበረኝም።

የመጣሁት ከወሎ ነው። የመምህራን ማሠልጠኛው ብዙ ነገር አስተምሮኛል። የትምህርት ዕቅድ መጻፍ፣ ሰሌዳን ለሁለት መክፈል፣ ለተማሪ ጀርባ ሳይሰጡ መጻፍ፣ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ስለማስተምረው ሰው ግን የተነገረኝ በጂኦግራፊ መጽሐፍ ውስጥ ያለች አንዲት መስመር ብቻ ናት፤ የአካባቢው ሕዝብ በእርሻና በከብት እርባታ ይተዳደራል ትላለች። መስመሯ አልዋሸችም። ያቺን ይዤ ነው ክፍል የገባሁት።

ሴቶቹ ግማሾቹ የአካባቢው ገበሬዎች ሚስቶች ናቸው፤ የቀሩት ከሰሜን መጥተው ከተማው ውስጥ ሱቅ የከፈቱ ሰዎች ሚስቶች። የገበሬዎቹ ሚስቶች ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ እርስ በርሳቸው በራሳቸው ቋንቋ ይነጋገራሉ። ቋንቋው ያን ጊዜ ይጠራበት በነበረው ስም ዛሬ ልጠራው አልፈልግም፤ ኦሮምኛ ነው። ዳይሬክተሩ ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ ክፍል ውስጥ እንዳይሰማ ብሎ አስጠንቅቆኛል። እኔ ግን ሲንሾካሾኩ ዝም እላለሁ። አስተዋይ ሆኜ አይደለም፤ መቆጣትም ያደክማል።

ከሁሉም ቀልጣፋዋ መስኮቱ ሥር የምትቀመጥ አንዲት ወጣት ሚስት ነበረች። ልጆቿን ለባሏ እናት ትታ ትመጣለች። ቤተሰቡ ጭሰኛ ነበር፤ ባለርስቱ መሬቱን ለፋብሪካ ሲሸጠው ጎጆዋና ጓሮዋ ብቻ ቀሩላቸው። ባሏ ዓለም ገና ከተማ እየሄደ ድንጋይ ይሸከማል፤ አንዳንድ ቀን ሥራ ያገኛል፣ አንዳንድ ቀን ባዶ እጁን ይመለሳል። እርሻቸው የነበረው ቦታ ላይ የቆመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴቶችንም እንደሚቀጥር ተሰማ፤ ግን የንባብ ምስክር ወረቀት ላላት ብቻ። ቅጥሩም ክረምት ሳይገባ ያልቃል ተባለ። ያቺን ወረቀት ማግኘት ለእሷ የልጆቿ እህል ነበር፤ ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

እንዴት እንደምትማር ሳይ ድካሜን የምረሳበት ጊዜ ነበር። የሳሙና መጠቅለያ ታነባለች። የሱቁን የቆርቆሮ ማስታወቂያ ታነባለች። አንድ ቀን ቤቴ በር ላይ ቆማ የክብሪት ሳጥኔን አነበበችልኝ፤ ራስ ምታቴ እየጠዘጠዘኝ ስለነበር ጎበዝ ብዬ በሩን ዘጋሁባት።

የፈተናው ቀን ኢንስፔክተሩ በላንድሮቨር መጣ። ከጅማ መንገድ ላይ የተሸከመውን አቧራ እያራገፈ ውኃ ጠየቀኝ፣ ጠጣ፣ ሥራውን ጀመረ። ፈተናው ቀላል ነው። ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ማንበብ፣ ከዚያ የራስን ስምና የባልን ስም ከነአባቱ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ጮክ ብሎ ማንበብ። ወረቀቱ የሚሞላው በባለቤት ስም ስለነበር ይህ ግዴታ ነው።

ገጹን እንደ ውኃ አነበበችው። የራሷን ስም ጻፈች፣ አነበበች። የባሏን ስም ጻፈች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አነበበች። ከዚያ ጠመኔው ሰሌዳው ላይ እንደተደገፈ ቀረ።

«የአባቱስ?» አላት።

ኢንስፔክተሩ መዝገቡን አየና ስሙን ራሱ ጻፈላት፤ በትልልቅ ፊደል፣ ለዓይን እንዲቀል። ደግ ሰው ነበር።

«በይ አንብቢው።»

ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። ሌሎቹም የገበሬ ሚስቶች አብረዋት አቀረቀሩ።

«ፊደሉን አታውቂውም?»

«አውቀዋለሁ።»

«እንግዲያው አንብቢያ።»

እኔ ከጎን ሆኜ በዓይኔም በእጄም እለምናታለሁ። አንዲት ቃል ናት፤ ከዚያ የከበዱ ቃላት አንብባለች። ከመሬት ቀና አላለችም። ኢንስፔክተሩ ገጹን በቃሏ አጥንታ ነው የመጣችው ብሎ አሰበ፤ ከስሟ ትይዩ ወድቃለች ብሎ ጻፈና ቀጣይዋን ጠራ። ሌሎቹ የገበሬ ሚስቶች ስሙ ጋ ሳይደርሱ ገጹ ላይ ወድቀዋል፤ ከወደቁት ውስጥ ንባብ የምትችለው እሷ ብቻ ነበረች።

መኪናው እንደሄደ ንዴቴን መደበቅ አልቻልኩም። «ምን ነካሽ?» ብዬ ጮህኩባት። መልስ የሰጠችኝ ከኋላዋ የነበረች በዕድሜ ገፋ ያለች ሴት ናት።

«ለጉ ነው ሚስ፤ ክልክል ነው። በእኛ ቤት ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። አባኮ ነው የምትላቸው፤ አባቴ ማለት ነው። የእሳቸው ሞክሼ የሆነ ጎረቤት እንኳ ቢመጣ፣ ሌላው ሲጠራው ትሰማለች እንጂ ስሙ ከአፏ አይወጣም።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ጉዳይ ሆኖ አያውቅማ። እስከ ዛሬ ስማቸውን በይ ያላት ሰው የለም።»

ሴቶቹ ወጡ። ስሙ ሰሌዳው ላይ ቀረ። እሷም ቀረች።

«ሚስ፣ ያጥፉልኝ» አለችኝ።

ማጥፊያችን የዱቄት ከረጢት ቁራጭ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጠመኔውንም የልጆቹን እጅም ሲጠርግ የዋለ። አንስቼ ልጠርግ ስል እጄን ያዘችኝ።

«በእሱ አይሁን። ቆሻሻ ነው።»

ውኃ የሚቀዳው ከግቢው ውጭ ነው፤ ቁርጭምጭሚቴ አብጧል፤ የራሴን እግር የምታጠብበት ውኃ እንኳ ቤቴ የለም። እንዲህ ያለ ጣጣ ምን አመጣብኝ እያልኩ፣ እያጉረመረምኩ ወርጄ ጨርቁን አጥቤ መጣሁ። ስሙን በእርጥብ ጨርቅ ቀስ ብዬ አነሳሁት። እሷ ሰሌዳው ሲደርቅ ጠበቀች።

«ብትጠሪው ምን ይመጣብሻል?» አልኳት። እውነቴን ነው፤ ማወቅ ፈልጌ ነው የጠየቅኳት።

«ምንም አይመጣብኝም። ግን እሳቸው ሲገቡ ተቀምጬ አልጠብቃቸውም፤ ውኃም በአንድ እጄ አልሰጣቸውም። ይህም እንደዚያው ነው» አለች። ከዚያ፣ «ሌላም ነገር አለ ሚስ» አለችኝ። «ወፍጮ ቤት የምንወስደው ከረጢት ላይ ስማቸው ተጽፏል፤ ከሌላ ሰው እህል እንዳይቀላቀል። ስንት ዘመን ተሸክሜዋለሁ፤ ለእኔ ጥቁር ቀለም ነበር። ባለፈው ግን ላወርደው ስል ዓይኔ አረፈበት፤ ስሙም በራሱ ውስጤ ገባ። እኔ አላልኩትም፤ ግን ተባለ። አሁን ከረጢቱን ገልብጬ ነው የምሸከመው። ፊደል ካወቁ በኋላ አለማንበብ ይቻላል ወይ?»

ማሠልጠኛው ውስጥ ስንት ጥያቄ ጠይቀውናል፤ ይህ ግን አልነበረበትም። ይመሻል ሂጂ አልኳትና ክፍሉን ቆለፍኩ።

ማታውን እግሬን ሰቅዬ ጋደም ብዬ እናቴ ትዝ አለችኝ። እናቴ የአባቴን አባት ጌታዬ ነበር የምትለው። ጌታዬ መጣ፣ ጌታዬ በላ፣ ጌታዬ ተቆጣ። እኔ ልጅ ሆኜ የአያቴ ስም ጌታዬ ይመስለኝ ነበር፤ ትክክለኛ ስሙን ያወቅኩት ሞቶ ቄሱ ሲጠሩት ነው። ለካ እናቴም አንድ ቀን በስሙ ጠርታው አታውቅም። ይህን ሁሉ ዓመት አብሬያት ኖሬ ልማድ መሆኑን ልብ ብዬ አላየሁትም፤ የሌላ ሰው ቤት ሲሆን ግን ወዲያው ታየኝ።

በማግሥቱ ሴቶቹ ሲመጡ ማስተማር አልቻልኩም። ጉልበት አጣሁ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና «እስቲ ንገሩኝ፤ መጻፍ መጥራት ነው ወይ?» አልኳቸው። ጥያቄውን የጣልኩት ለማረፍ ብዬ ነበር፤ ክፍሉ ግን እንደ ገበያ ሞቀ።

አንደኛዋ መጻፍ መጥራት ነው አለች፤ የሚያነብ ሰው ሲመጣ ይጠራልና። ሌላዋ አይደለም አለች፤ ድምፅ የለውም። የመንዝ ተወላጅ የሆነች ባለሱቅ፣ «እኛ ዘንድ ምራት ገና ስትገባ ለባሏ ዘመዶች ሁሉ አዲስ ስም ታወጣለች፤ እኔ የባሌን ታላቅ ወንድም ጥላዬ ነው የምለው» አለች። የገበሬዎቹ ሚስቶች ይህን ሲሰሙ ደነቃቸው። ስንት ዓመት ጨውና ጋዝ ሲገዟት ኖረዋል፤ እንዲህ ያለ ነገር ተጫውተው አያውቁም። እሷም የእነሱን አታውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ እያንዳንዷ የባሏን እናትና አባት ምን ብላ እንደምትጠራ ተናገረች፤ ኦሮምኛውም አማርኛውም ተደባለቀ፤ እኔም አላስቆምኳቸውም። ዳይሬክተሩ በመስኮት ብቅ ብሎ አየንና ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ሁሉም ተናግረው ሲያበቁ መስኮቱ ሥር ወዳለችው ወደ እሷ ዞሩ። ነገሩ የእሷ ነው።

«እጄ ያበስልላቸዋል፤ ልብሳቸውን ያጥባል» አለች እጇን እያየች። «እጄ ይጻፈው። አፌ ግን አይችልም።»

በዚሁ አበቃ። ግማሹ መንገድ ተቃና፤ ፈተናው ግን ጮክ ብሎ ማንበብ ይላል።

ኢንስፔክተሩ ተመልሶ እንዲፈትናት ዳይሬክተሩን መለመን ነበረብኝ። ደጋግሜ ለመንኩት። «ልማድን ማስተው እንጂ ልማድን መለማመጥ ሥራሽ አይደለም» አለኝ። «ልማዷን ላስተዋት ብል እንኳ ክረምት ከመግባቱ በፊት አልጨርስም» አልኩት። መከራከሬን አልወደደውም፤ ግን ሰለቸውና ስልክ ደወለ። እኔም ሰልችቶኝ ነበር፤ የምሽቱን ክፍል ትቼ እንደ ሰው ወደ ቤቴ ብገባ ማን ይከለክለኝ ነበር እላለሁ። ልጅቷን መስኮቱ ሥር ሳያት ደግሞ መተው ያቅተኛል።

ሁለተኛው ፈተና ወጨጫ ተራራ ላይ ደመና መቋጠር በጀመረበት ሰሞን ሆነ። ቀደም ብዬ ክፍሉን ስከፍት አንድ ሽማግሌ በዱላቸው ተደግፈው በሩ አጠገብ ቆመዋል። ካፖርታቸው ተጠግኖ ተጠግኖ የመጀመሪያው ጨርቅ የቱ እንደሆነ አይለይም። አማቷ ነበሩ።

«አካም ቡልታኒ» አልኳቸው፤ ከሴቶቹ የለቀምኳትን ሰላምታ። ሽማግሌው ፈገግ አሉ።

«ነጋ፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ሰላም ነው ልጄ ማለታቸው ነው። «በእኔ ስም የተነሳ ልጄ ወደቀች አሉኝ። ልፈቅድላት ነው የመጣሁት።»

ኢንስፔክተሩ እንደ በፊቱ ውኃውን ጠጥቶ ሲቀመጥ ነገሩን አስረዳሁት፤ እጇ ይጽፈዋል፣ አፏ ግን አይጠራውም አልኩት። በትዕግሥት ሰማኝ። ልማዱ ያልፋል፣ ትምህርት ሲገባ ይለቃል አለ። ደክሞኝ ስለነበር ማክበሩንም ረሳሁትና፣ «ለመሆኑ ባለቤትዎ አባትዎን ምን ብላ ነው የምትጠራቸው?» አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አባባ» አለ። «ከአባባ በቀር ምን ስትላቸው እንደሰማሁ ትዝ አይለኝም። እስከ አሥረኛ ክፍል ተምራለች እኮ።» ከዚያ እስክሪብቶውን መልሶ አነሳ። «ደንቡ ግን ድምፅ ይላል።»

ሽማግሌው ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው፣ «በይ ልጄ፣ ፈቅጄልሻለሁ፤ በይው» አሏት።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አፏን ከፈተች። አልወጣም። እንባዋ መጣ። እሳቸው ቢፈቅዱም እሷ ውስጥ ያለው አልፈቀደም። ለልጆቿ ብላ እንኳ አልቻለችም። ያን ጊዜ እኔም ተስፋ ቆረጥኩ፤ ስንለፋ የከረምንበት ነገር በቃ እዚህ ላይ ቀረ አልኩ።

ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ።

«ጌታዬ» አሉት ኢንስፔክተሩን፤ «ድምፁ ከእኔ ቢሆንስ? እኔ ፊደል አላውቅም። እሷ ታሳየኝ፤ እኔ እላለሁ።»

ኢንስፔክተሩ ሽማግሌውን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ ተነስቶ ሰሌዳውን ሞላው፤ የብዙ ሰው ስም፣ ወንድም ሴትም፣ ላይና ታች የተበታተነ። የሽማግሌውንም ስም ከመካከላቸው አንዱ ቦታ ላይ ከተተው። መጠቆሚያውን ዘንግ ሰጣት።

አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረች። ድምጿ እየቆየ ጠራ። አንድ ስም ላይ ስትደርስ ዘንጉን ከሥሩ አሳረፈችና ዝም አለች። ከኋላ በኩል ሽማግሌው ጉሮሯቸውን አጥርተው ስማቸውን ከነአባታቸው ተናገሩ፤ ዳኛ ፊት እንደቆመ ሰው፣ ረጋ ብለው።

ኢንስፔክተሩ አላመነም። ሁሉንም አጠፋና አዲስ ስሞች ጻፈ፤ ያን ስም ወደ ጥግ፣ በደቃቅ ፊደል። ዘንጉ እስከ ጥጉ ሄዶ ቆመ። ከኋላ ስሙ ተባለ። ለሦስተኛ ጊዜ አጠፋና ያን ስም ጨርሶ ሳይጽፍ ሌሎችን ብቻ ደረደረ። እሷ ከላይ እስከ ታች አንድም ቦታ ሳትቆም አነበበችው፤ ሽማግሌውም ሲጠብቁ ሲጠብቁ ሳይናገሩ ቀሩ። «የእኔ የለም?» አሉ መጨረሻ ላይ ቅር ብሏቸው። ሴቶቹ ሳቁ። ኢንስፔክተሩም ሳቀ፤ ጠመኔውን ከእጁ እያራገፈ ተቀመጠና ወረቀቱን ሞላ።

«ሪፖርቴ ላይ አነበበች ብዬ ነው የምጽፈው» አለኝ ቀስ ብሎ። «የቀረውን ዝርዝር ብጽፈውም የሚረዳኝ የለም።»

ክረምቱ ሳይገባ ፋብሪካው ተቀበላት። እኔም ጥቂት ዓመት እዚያው አስተምሬ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወርኩ። ከዚያ ወዲህ ሌሎችን ሕዝቦች ስለማወቅና ስለማክበር የሚናገር ሰው በየስብሰባው ሰምቻለሁ፤ ራሴም ስለዚሁ ንግግር አድርጌ ደክሞኝ ወርጃለሁ። የሽማግሌውን ስም እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ይህንን ስጽፍ እጄ ሊያሰፍረው ዳድቶ ነበር፤ ግን ተመለሰ።

ያን የሁለተኛው ፈተና ዕለት ሁሉም ሲበተን እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጫማዬን ፈታሁ። እሷና ሽማግሌው ከግቢው በር አጠገብ ባሕር ዛፎቹ ሥር ቆመዋል። ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀብለው ገለበጡት፣ ዘቀዘቁት፣ ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ምን ይላል? አንብቢልኝ» አሏት።

በሁለት እጇ ተቀበለቻቸውና ጎን ለጎን ቆማ፣ ጣቷን ከእያንዳንዱ ቃል ሥር እያሳለፈች ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ወይዘሮ የሚለውን አነበበች። የራሷን ስም አነበበች። ባለቤት የሚለውን፣ ከዚያ የባሏን ስም አነበበች። ጣቷ ወደ ቀጣዩ ስም ተሻገረና ቆመ።

«አባኮ» ብላ አነበበች፤ ከዚያ እስከ ማኅተሙ ድረስ ቀጠለች።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደህና ጽፈውታል» አሉ።